ደረሰኝ በሌለበት ከተማ የእርዳታ ገንዘብን በታማኝነት መያዝ፦ የካርቱም በጎ ፈቃደኞች ፈተና

በጦርነቱ ወራት በካርቱም ለአንድ ሰፈር የጋራ ማዕድ ቤት የተላከ የእርዳታ ገንዘብ ድስቱ ጋር የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ግለሰብ የእጅ ስልክ በኩል ነበር። የባንክ ቅርንጫፎች ተዘርፈዋል አሊያም ተዘግተዋል። ገንዘቡ የካርቱም ባንክ በሚያስተዳድረው “በንካክ” በተሰኘ የስልክ መተግበሪያ ወደ በጎ ፈቃደኛው የግል ሂሳብ ይገባል፤ ከዚያም ለእህል ነጋዴው ይተላለፋል ወይም ኮሚሽን ተከፍሎበት ወደ ጥሬ ገንዘብ ይለወጣል። የሂሳብ መርማሪ ቢያየው የእርዳታ ገንዘብ በግለሰብ ሂሳብ ማለፉን ብቻ እንደ ጥፋት በመዘገበው ነበር። ይሁንና ሚሊዮኖችን ያበላው መንገድ ይኸው ነው።

በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ውጊያው የፈነዳው በአውሮፓውያኑ ሚያዝያ 15/2023 ነበር። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን ከዋና ከተማዋ ሲያስወጡ፣ በየሰፈሩ የቀሩ ወጣቶች “የአስቸኳይ ምላሽ ክፍሎች” በሚል ስም ተደራጁ። ሐሳቡ ግን ከጦርነቱ ይቀድማል። ሱዳናውያን “ነፊር” የሚሉት፣ የእኛን ደቦ የሚመስል የመረዳዳት ልማድ አላቸው፤ በ2013ቱ የካርቱም ጎርፍ ወቅት ወጣቶች በዚሁ ስም ተሰባስበው ተጎጂዎችን ደርሰውላቸዋል። በኋላም በ2019 ኦማር አል በሽርን ከሥልጣን ባስወገደው ሕዝባዊ አመፅ የተሳተፉት የሰፈር ኮሚቴዎችና የኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ዘመቻዎች ለአዲሶቹ ክፍሎች መሠረት ሆነዋል።

ሁለት ፊርማ፣ አንድ ስልክ

በሰላም አገር የበጎ አድራጎት ክበብ የእርዳታ ገንዘብን እንዴት መያዝ እንዳለበት የታወቀ ሥርዓት አለ። ለምሳሌ የሮታሪ ፋውንዴሽን ገንዘብ የሚሰጣቸው ክበቦች የተለየ የባንክ ሂሳብ እንዲከፍቱ፣ ወጪ በሁለት ፈራሚዎች እንዲጸድቅና ሰነዶች ቢያንስ ለአምስት ዓመት እንዲቀመጡ ይጠይቃል። የአገራችን እድሮችም ዳኛውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን የሚለያዩት በተመሳሳይ ምክንያት ነው፦ ማንም ሰው፣ የቱንም ያህል ቢታመን፣ ብቻውን ከሣጥኑ ጋር እንዳይቀር።

ካርቱም ውስጥ የጠፋው ይህ ምክንያት ሳይሆን መሣሪያው ነው። ክፍሎቹ ለማካካስ የሞከሩት በሌላ መንገድ ነበር። ገንዘቡ በአነስተኛ መጠን ተከፋፍሎ ይሰጣል፤ የሰፈሩ ክፍል ፍላጎቱንና በጀቱን በጋራ ቅጽ ያቀርባል፤ ጥያቄው በአካባቢና በክፍለ ግዛት ደረጃ ባሉ ክፍሎች ይታያል፤ ሪፖርትም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥጥር ግን ሰልፉ ነው። ምስሩ ከቀጠነ ሳህን ይዛ የምትጠብቀው እናት ከማንም ኦዲተር ቀድማ ታውቃለች።

ሆኖም የሰልፍ ዓይን ሁሉን አያይም። ኮሚሽኑን እንውሰድ። በጥሬ ገንዘብ እጥረት ምክንያት በስልክ ያለን ገንዘብ ወደ ብር ኖት ለመለወጥ ከሚላከው ላይ የማይናቅ ድርሻ ይቆረጣል። በዚህ ላይ ከጦርነቱ በፊት አንድ ዶላር ወደ 600 የሱዳን ፓውንድ ይመነዘር የነበረው በ2024 በትይዩ ገበያ ከ2,000 በላይ ሆኗል። የለጋሹ ቅጽ ለኮሚሽን ቦታ ከሌለው፣ በጎ ፈቃደኛው የምስሩን ዋጋ ከፍ አድርጎ ጉድለቱን ለመሸፈን ይገፋፋል። አንድ ሳንቲም ሳይሰረቅ ሐሰተኛ ሂሳብ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ደግሞ ተጠያቂው ጸሐፊው ብቻ አይደለም፤ እውነቱን የሚጽፍበት መስመር የነፈገው ለጋሽም ነው። በየካቲት 2024 የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት በአብዛኛው አገሪቱ ሲቋረጥ ደግሞ ክፍያውም ማስረጃውም አብረው ቆመዋል።

አደገኛው ዝርዝር

ለጋሾች አዘውትረው የሚጠይቁት ሌላው ነገር የተረጂዎች ስም፣ ፊርማና ፎቶግራፍ ነው። ሁለቱም ተፋላሚዎች በጎ ፈቃደኞችን ለተቃራኒው ወገን ይሠራሉ በማለት በሚያስሩባትና በጎ ፈቃደኞች በተገደሉባት ከተማ፣ እንዲህ ያለ ዝርዝር በፍተሻ ጣቢያ ከተገኘ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ስም የሌለበት ሪፖርት ለማጭበርበር ይመቻል የሚለው ስጋት እውነትነት አለው። ነገር ግን የበሉትን ሰዎች ቁጥር፣ የተገዛውን እህል መጠንና የነጋዴውን ዋጋ በማነጻጸር ማጣራት ይቻላል፤ የሞተን ሰው መመለስ ግን አይቻልም።

ጥር 2025 የፕሬዝዳንት ዶናልድ ትራምፕ አስተዳደር የውጭ እርዳታን ሲያግድ ሌላ ድክመት ተገለጠ። በመላ ሱዳን ከ1,100 በላይ የጋራ ማዕድ ቤቶች፣ ማለትም ከጠቅላላው 80 በመቶ የሚጠጉት፣ መዘጋታቸው ተዘገበ። ሂሳባቸው የተስተካከለም ያልተስተካከለም እኩል ተዘጉ። በውጭ የሚኖሩ ሱዳናውያን የሚልኩት መዋጮ ክፍተቱን በከፊል ብቻ ነው የሸፈነው።

በመጋቢት 2025 ጦሩ ካርቱምን መልሶ ከተቆጣጠረ ወዲህ ጥያቄው መልኩን ቀይሯል። ክፍሎቹ በዚያው ዓመት የራፍቶንና የ“ራይት ላይቭሊሁድ” ሽልማቶችን አግኝተዋል፤ ዝናው ከፍ ያለ ገንዘብና ወፍራም የውል ሰነድ ሊያስከትል ይችላል። በሌላ በኩል የ2006ቱ የሱዳን የበጎ ፈቃድ ሥራ ሕግ በመንግሥት የሰብዓዊ እርዳታ ኮሚሽን መመዝገብን ያዝዛል። ምዝገባው የባንክ ሂሳብና ሁለት ፈራሚዎችን ያስገኝላቸው ይሆናል። የሚጠይቃቸው ግን እስካሁን ከየትኛውም ሪፖርት ሲያስቀሩት የኖሩትን፣ የአባሎቻቸውን ስም ነው።