ጥርስ ያለው ሁሉ ወጣት አይደለም

የወሎ ሰው በቅሎ ሲገዛ መጀመሪያ አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል። ሻጩ የፈለገውን ያህል ቢምል ቢገዘት ጥርስ ዕድሜን አይደብቅም። ከለጋምቦ እስከ ቦረና፣ ከሳይንት እስከ ወግዲ ባሉት ገበያዎች ይህ የአባቶች ጥበብ ዛሬም ይሠራል። ችግሩ የመጣው ይህንኑ ጥበብ እንዳለ አንስተን የመኪና ጎማ ላይ ስናውለው ነው። «ጥርስ አለው ወይ?» እንላለን። «አለው!» ይባላል። በቃ፣ ገንዘብ ይቆጠራል።

ጎማ ግን በቅሎ አይደለም። ጥርሱ ሳይነካ፣ እንዳማረበት፣ ያረጃል። ይባስ ብሎ ባረጀ ቁጥር ጥርሱ ይበልጥ ያሳምነናል፤ ብዙ ያልሄደ ጎማ ነዋ! ለአሮጌ መኪና ጎማ ሲመረጥ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ጥርስ አለው?» ሳይሆን «መቼ ተወለደ?» ነው ብዬ እከራከራለሁ። ይህ ደግሞ የባለመኪናው የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለው መኪና ላይ የሚሳፈረው፣ ከፊቱ የሚሻገረው፣ ከኋላው የሚነዳው ሁሉ ጉዳይ ነው።

«አሮጌ መኪና» ስል ስለ ምን እንደማወራ ልናገር። በሌላው ዓለም «ክላሲክ» የሚባል ነገር አለ። ባለቤቱ እሁድ እሁድ ያወጣዋል፣ ያጥበዋል፣ ኤግዚቢሽን ላይ አቁሞ ፎቶ ይነሳል፤ ሰኞ ሌላ መኪና ይዞ ሥራ ይገባል። እኛ ዘንድ ሰኞም ያው ነው። ቮልሱም፣ ላዳውም፣ ፔጆ 404ቱም፣ ዲኤክሷም፣ ላንድሮቨሩም የዕለት እንጀራ ናቸው። በመካነ ሰላም አካባቢ ከከተማ ወደ ገጠር ቀበሌ ሰውና እህል ቀላቅሎ የሚያደርስ ዕድሜ ጠገብ መኪና የማንም መዝናኛ አይደለም። ምጥ የያዛት ሴት ወደ ሆስፒታል የምትሄድበትም እሱው ሊሆን ይችላል።

እነዚህ መኪኖች ነገ ከነገ ወዲያ ከመንገድ ይወጣሉ ብሎ የሚጠብቅ ካለ ተሳስቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ብዙ ዓመት አገልግለው በሚገቡ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ጎማን ጨምሮ ዋጋው ተሰቀለ። የፖሊሲውን ደግነትና ክፋት ለሌላ ቀን እናቆየው። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። ያለችውን አሮጌ መኪና ይዞ መኖር ግድ ሆኗል። መኪናዋ ከቆየች ደግሞ ጎማዋን ማወቅ ግዴታ ነው።

አንድ ጊዜ ደሴ ላይ አንድ ጎሚስታ ያገለገለ ጎማ ሊሸጥልኝ እጁን በጎማው ላይ እያሻሸ፣ «ወላሂ ጋሼ፣ ይሄ ገና ልጅ ነው! ጥርሱን እዩት እንጂ!» አለኝ። አየሁት። ጥርሱ እውነትም ያስቀናል። ጎንበስ ብዬ የጎኑን ጽሑፍ ስፈልግ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አሃዝ አገኘሁ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ 12 ይላሉ። «ይኸው የ12 ነው!» ብሎ ፈነደቀ። ልብ አድርጉ! በእኛ አቆጣጠር የ2012 ጎማ ነው ብሎ ከልቡ አምኗል። ጎማ የሚሠራው ፈረንጅ ግን በእኛ ዘመን አይቆጥርም። እ.ኤ.አ. 2012 ማለት የእኛ 2004 ነው። በአንዲት የዘመን አቆጣጠር ስህተት ጎማው ስምንት ዓመት ወጣት ሆኖ አረፈው። ሰውዬው አላታለለኝም፤ እሱም የተነገረውን ነው የነገረኝ።

ስለዚህ አነባበቡን እንወቀው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠራ ጎማ ጎን ላይ አራት አሃዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለት ዓመቱን ይናገራሉ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ካገኛችሁ ጎማው ከ2000 በፊት የተወለደ ሽማግሌ ነውና ተሰናበቱት። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ወደ ውስጥ ዞሮ ሊገጠም ይችላል። መንበርከክ ካስፈለገም ተንበርከኩ። ታላላቆቹ ጎማ ሠሪዎች ራሳቸው ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፣ አሥር ዓመት ከሞላው ምንም ቢያምር ይጣል ይላሉ።

«እኔ እኮ መኪናዬን ብዙም አልነዳትም፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሳ ነው የምትመለሰው» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ወዳጄ፣ ይህ መከራከሪያ ራስህን ይከስሃል። ጎማ ውስጥ ከመሰነጣጠቅ የሚጠብቅ ቅባት መሰል ነገር ተቀላቅሏል፤ ወደ ላይ ወጥቶ ጎማውን የሚጠብቀው ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ነው። ቆሞ የሚውል ጎማ በፀሐይና በአየር እየደረቀ ያረጃል። ከ2500 ሜትር በላይ በሆነው የመካነ ሰላም ደጋ ላይ ደግሞ ፀሐዩ እንዴት እንደሚለበልብ ነዋሪው ያውቃል። ሌሊት ብርድ፣ ቀን ሐሩር ነው። ከዚያ ወደ ጎጃሙ ጉንደወይን ለመሻገር አባይ በረሃ ሲወረድ ጎማው በፍሬኑም በመንገዱም ይግላል። የደረቀ ጎማ የሚፈነዳው እንዲህ ባለ ቁልቁለት ላይ ነው። ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳለማ ማን ይጎዳበታል?

ይህ ሥጋት የድሃ ሀገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። በመስከረም 2012 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከሙዚቃ ፌስቲቫል የሚመለሱ ወጣቶችን የጫነ አውቶቡስ የፊት ጎማው ፈንድቶ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ሲመረመር ጎማው 19 ዓመት አልፎታል፤ ከአውቶቡሱ ይበልጥ ነበር። ጥርሱስ? ሕግ የሚጠይቀውን ያሟላ ነበር! ከዓመታት ሙግት በኋላ ሀገሪቱ ከየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ጎማ በአውቶቡስና በከባድ መኪና የፊት እግር ላይ፣ በሚኒባስም ነጠላ ጎማዎች ላይ እንዳይገጠም ከለከለች። እኛ ዘንድ ግን እኔ ባየሁት ዓመታዊ ምርመራ መርማሪው ጥርሱን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ አለፈ። ቦሎ ተለጠፈ። የጎማውን ልደት የጠየቀ የለም።

ከዕድሜ ቀጥሎ ልክ ይመጣል። ጫማ ሲገዛ ቁጥር የማይጠይቅ የለም፤ ጎማ ላይ ስንደርስ «ትንሽ ሰፋ ቢል ያምራል» እንላለን። የቮልስን ነገር እንውሰድ። ስትሠራ 5.60-15 የሚባል ቀጭን ጎማ ነበራት፤ የዛሬው ምትኩ 165 በ15 ራዲያል ነው። እሱን ትቶ 195/60 በ15 የሚያስገጥም አለ። ጎማው ሰፋ፣ ግን አጠረ። መኪናዋ ወደ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ወደ መሬት ወረደች፤ መሪው ከበደ፤ የፍጥነት ቆጣሪው መዋሸት ጀመረ። ክረምት ላይ ዋልካ መሬት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሰፊው ጎማ ጭቃውን ቆርጦ ጠንካራውን መሬት ከመፈለግ ይልቅ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ለማማር ሲባል እግር ተሰበረ ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ ነው አሮጌ መኪና ልግዛ ለሚለኝ ሰው ከሞተሩ በፊት ስለ ጎማው ቁጥር የምጠይቀው። ረጅሙ የድሮ ላንድሮቨር 7.50-16 ያደርጋል። ይህ ቁጥር የብዙ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕና የቀላል አይሱዙ ቁጥርም ነው። ከአይሱዙ ጋር ጫማ የሚጋራ መኪና ገጠር ከተማ ላይ ባዶ እግሩን አይቀርም። የፊያት 600ን የ12 ኢንች ጎማ ፈልጎ የሚንከራተት ግን ያገኘውን ዕድሜው ምንም ይሁን ምን ይገዛል። ማጣት ነው ሽማግሌ ጎማ የሚያስገዛው።

ግን እዚህም ጥንቃቄ አለ። ቁጥሩ አንድ ነው ብሎ ለአራት ቶን ጭነት የተሠራውን የአይሱዙ ጎማ ቀላል ላንድሮቨር ላይ መግጠም ትክክል አይደለም። በጣም ደንዳና ስለሆነ አይተጣጠፍም፤ መንገዱን ከመያዝ ይልቅ ይዘላል። በተቃራኒው ሰውም እህልም ለሚጫንበት መኪና የቤት መኪና ጎማ ማድረግ ነፍስ ማጥፋት ነው። ጎኑ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም ተጽፏልና ይነበብ።

የድሮ መኪኖች የመጡት ክሮቹ ሰያፍ ተጠላልፈው በተነባበሩበት ጎማ ነው። ዛሬ የበዛው ራዲያል ነው። ሁለቱን በአንድ አክስል ላይ አደባልቆ መግጠም ክልክል መሆን አለበት፤ አንዱ ሲጎተት ሌላው ይሸሻል። የግድ ከሆነ ራዲያሉ ወደ ኋላ፣ የድሮው ወደ ፊት ይሁን እንጂ የተገላቢጦሹ ኩርባ ላይ ኋላዋን ያስጥላታል። የድሮ ቸርኬ ደግሞ አብዛኛው ያለ ከመነዳሪ አየር አይዝም። አዲስ ጎማ ገዝቶ ውስጡ አሥር ቦታ የተለጠፈ ከመነዳሪ መክተት አዲስ ልብስ በቆሻሻ ገላ ላይ እንደመልበስ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ። «አንተ አዲስ አበባ ተቀምጠህ ትፈላሰፋለህ፤ የመካነ ሰላሙ ሾፌር በምን ገንዘቡ?» የሚል አለ። ልክ ነው። የሁለት ጎማ ዋጋ የወራት ትርፍ የሚበላበትን ሾፌር ልሳደብ አልተነሳሁም። ግን ያው መኪና ቀለም ሲቀባ፣ የወንበር ልብስ ሲለብስ፣ ቴፕ ሲገባለት፣ መስታወቱ ላይ ጥቅስ ሲጻፍለት አይቻለሁ። ገንዘቡ ትንሽ ነው እንጂ የለም ማለት አይደለም፤ የሚውልበት ቅደም ተከተል ነው የተገለበጠው። መኪና መሬት የሚነካው በአራት መዳፍ በምታህል ቦታ ብቻ ነው። የተቀረው ሁሉ፣ ቀለሙም ሞተሩም፣ በእነዚያ አራት መዳፎች ላይ የቆመ ነው።

ደግሞም እኛ ለሠርግም፣ ለቤት ዕቃም፣ ለበሬም እቁብ የምንጥል ሕዝብ ነን። አንድ መስመር ላይ የሚሠሩ አሥር ባለመኪኖች የጎማ እቁብ ቢጥሉ ምን ይከለክላቸዋል? ዕጣ የወጣለት ሁለት አዲስ ጎማ ይገዛል፤ በጥንድ፣ በአንድ አክስል። እንዲያውም ባንድ ላይ ሲገዙ ነጋዴው ዋጋ ይቀንሳል።

የመንግሥትም ድርሻ አለ። ሕዝብ የሚያጓጉዝ መኪና በዓመታዊ ምርመራው የጎማው ዕድሜ ይመዝገብ፤ አሥር ዓመት ያለፈው ከፊት እግር ይውረድ። ጎማ ሻጭ የተሠራበትን ዓመት በእኛም በፈረንጅም አቆጣጠር ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ጎማ ጌጥ ስላልሆነ በቀረጥና በታክስ ሲታሰብ እንደ ሕይወት አድን ዕቃ ይታይ። የወረደው ሽማግሌ ጎማም ጎኑ ተቆርጦ ወደ በረባሶ ሠሪው ይሂድ እንጂ ታጥቦና ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ለሌላ ሰው እንዳይሸጥ። በረባሶ ሲበጠስ ሰው በባዶ እግሩ ቤቱ ይገባል። በአባይ ቁልቁለት ላይ የተበጠሰ ጎማ ግን ስንቱን ቤቱ እንዳይገባ እንደሚያደርግ ለመቁጠር ሌላ አደጋ መጠበቅ የለብንም። ነገ ጠዋት መኪናችሁን ከማስነሳታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ አራቱንም አንብቡ። ስኮርታውንም አትርሱ፤ ብዙውን ጊዜ ከሁሉም የሚበልጠው ሽማግሌ እሱ ነው።