ከኮምፒዩተራችን ማን ይቆይ? ማን ይውጣ?

ባለፈው የግድግዳ ጋዜጣችን እትም ከዚሁ ሰሌዳ ግርጌ አንዲት አጭር ጥያቄ ተለጥፋ ነበር። «ከኮምፒዩተር ፕሮግራሞች መካከል አብልጣችሁ የምትወዱት የቱን ነው? የምትጠሉትስ?» የምትል ናት። መልሱም ውሎ ሳያድር በእስክሪብቶ ይሞላ ጀመር። አንዱ የፊልም ማጫወቻውን ጻፈ፤ ሌላው የእግር ኳስ ጨዋታውን፤ አንዷ ደግሞ «እኔስ የምጠላው ባትሪውን ነው» ብላ አሳቀችን። ባትሪ ፕሮግራም አለመሆኑን አንድ መምህራችን በቀይ አርመውላታል።

እኛ በአንድ መኝታ ክፍል ስምንት ሆነን በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ የምንገለገል ዕጩ መምህራን ግን ነገሩን በቀልድ ብቻ ማለፍ አልሆነልንም። ሥልጠናችንን ስንጨርስ ወደ ጨንቻ፣ ወደ ዲታ፣ ወደ ቦንኬ፣ ወደ ካምባ የምንበተን ሰዎች ነን። እዚያ ስንደርስ ኔትወርኩ ይኑር አይኑር፣ መብራቱ ይምጣ አይምጣ እርግጠኛ ሆኖ የሚነግረን የለም። ይዘነው የምንወጣው ላፕቶፓችንና ፍላሻችን ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ስለሆነም የአንድን ፕሮግራም ደግነት የምንለካው እዚህ ሲቀላ ላይ በማማሩ ሳይሆን እዚያ ደጋው ላይ ለመምህሩና ለተማሪው በሚሠራው ሥራ ነው። በዚህ ሚዛን ጨዋታውም ፊልም ማጫወቻውም ጥፋት የለባቸውም፤ ዕረፍት ለሰው ልጅ ያስፈልገዋል። ቦታ ሲሞሉብን ግን መጀመሪያ የሚወጡት እነሱ ናቸው።

እንግዲህ የምንወደውን እናስቀድም። ልትስቁብን ትችላላችሁ እንጂ እኛ አብልጠን የምንወደው ኤክሴልን ነው። ለልምምድ በወጣንባቸው ትምህርት ቤቶች ሴሚስተር ሲያልቅ የክፍል ኃላፊ መምህራን ሮስተር ሲሠሩ አይተናል። 60 ተማሪ ላለው ክፍልና ለ9 የትምህርት ዓይነት 540 ውጤት ማለት ነው። ያንን ሁሉ ከየመምህሩ ማርክ ሊስት መገልበጥ፣ መደመር፣ ማካፈል፣ በመጨረሻም ደረጃ ማውጣት! ሌሊቱን በኩራዝ የሚያነጉት አሉ። ሁለት ልጆች እኩል 7ኛ ቢወጡ ቀጣዩ 8ኛ ይባል ወይስ 9ኛ የሚለው ክርክር ደግሞ በየመምህራን ማረፊያው አያልቅም። ኤክሴል ግን ድምሩን፣ አማካዩንና ደረጃውን ቀመሩን አንዴ ከሰጡት በቅጽበት ያወጣዋል፤ ሁለቱን 7ኛ ብሎ ቀጣዩን 9ኛ ያደርገዋል። አንድ ውጤት ቢታረም ሁሉም አብሮ ይታረማል፤ ሥርዝ ድልዝ የለም። ለመግዣው ገንዘብ የለኝም የሚል ሰው እ.ኤ.አ. በ2010 ብቅ ያለውን ሊብሬኦፊስ የሚባለውን ይጫን። ካልክ የተባለው ክፍሉ ይህንኑ ሥራ ይሠራል፣ ሳንቲም አይጠይቅም፣ የኤክሴልንም ፋይል ይከፍታል።

ይሁን እንጂ የሚወዱትን ነገር ተንኮሉንም ማወቅ ይገባል። ሮስተሩን በፊደል ተራ ለማስያዝ ስንፈልግ የስሙን ዓምድ ብቻ መርጠን ብናዝዘው ስሞቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፣ ውጤቶቹ ባሉበት ይቀራሉ። በእርግጥ ፕሮግራሙ «ጎረቤቱንም ልጨምር ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ግን የሚጠይቀው በእንግሊዝኛ ነውና ብዙ ሰው ሳያነብ ይጫነዋል። ይኼ እኮ ከመደመር ስህተት ይብሳል። ድምሩ ልክ ነው፣ አማካዩ ልክ ነው፣ ደረጃው ልክ ነው፤ የተለወጠው ባለቤቱ ብቻ ነው! በጥረቷ 3ኛ የወጣች ልጅ ካርዷ ላይ 41ኛ ተብላ ቤቷ ትገባለች። አባቷም «ከእንግዲህ ከብት ጠብቂ» ቢላት ማንን ትከሳለች? ስለዚህ መደርደር ሲያስፈልግ ሠንጠረዡ በሙሉ ይመረጥ፤ ከተደረደረም በኋላ የሦስት አራት ተማሪ ውጤት ከማርክ ሊስቱ ጋር ይመሳከር።

በፊደል ተራ ካልን ዘንድ ወደምንጠላው እንሻገር። የስም ዝርዝሩ በአሮጌው ዓይነት የአማርኛ ፎንት የተጻፈ ከሆነ ኤክሴል በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ ሊያስይዘው አይችልም። ለምን ቢባል፣ ኮምፒዩተሩ ከቶውንም አማርኛ መጻፋችንን አያውቅም። ለእሱ የገባው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ፎንቱ የአማርኛ ልብስ አለበሰው እንጂ። ልብሱ ባልተጫነበት ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ራቁቱን ይወጣል፤ የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክትና የቃለ አጋኖ ድብልቅ ሆኖ።

አንዲት ጓደኛችን ለልምምድ ትምህርቷ የ4ኛ ክፍል መልመጃ አዘጋጅታ፣ ሁለት ምሽት ለፍታ፣ በፍላሽ ይዛ ከተማ ወደ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረደች። ወረቀቱ ሲወጣ አንድም የሚነበብ ቃል አልነበረውም። ባለሱቁ «ፎንቱን አምጪ» አላት፤ ፎንቱ ያለው ከላፕቶፑ ላይ ነው፣ ላፕቶፑ ያለው ደግሞ ተራ ደርሶት ከያዘው ሌላ ልጅ ዘንድ ነው። በማግሥቱ ጥያቄውን ሁሉ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስትገለብጥ ክፍለ ጊዜው አለቀ። ይህ የእሷ ብቻ ገጠመኝ አይመስለንም፤ ከአንባቢዎቻችን ስንቱ በሆዱ «እኔም» እያለ ይሆን?

ለፍትሕ ያህል ግን የእነዚያን ፎንቶች ፈጣሪዎች ማመስገን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኮምፒዩተር ስለ ግዕዝ ፊደል ምንም በማያውቅበት ዘመን በአገር ውስጥም በውጭም ያሉ ኢትዮጵያውያን በየፊናቸው ተጨንቀው የሠሩት ሥራ ነው። ለአንድ ፎንት የተፈቀደው ቦታ ቢበዛ 256 ነበር። የእኛ 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ የግዕዝ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ደግሞ ከልክ ያልፋል። ስለዚህ አንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፣ ሌላው አንዱን ፊደል ከሁለት ቁራጭ ገጣጠመው። ብልሃቱ ግሩም ነበር፤ ችግሩ ሁሉም የየራሱን ብልሃት መያዙ ነው። የአንዱን ጽሑፍ የሌላው ኮምፒዩተር አያነበውም።

መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ የዓለም ቋንቋዎችን ፊደላት በአንድ መዝገብ የሚቆጥረው ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትንና ምልክቶችን አስገባ። ከዚያ ወዲህ «መ» በአርባ ምንጭም በቶኪዮም «መ» ናት፤ ቁጥሯ አንድ ነው። ዊንዶስም በቪስታ እትሙ በጥር 1999 ዓ.ም. ኒያላ የተባለውን ፎንት አብሮ ይዞ መጣ። (የእኛ 1999 እና የፈረንጆቹ 1999 እንዳይምታታባችሁ!) ታዲያ ይህን ያህል ዓመት ካለፈ በኋላ ዛሬም በአሮጌው የሚጽፍ ሰው ምን ይባላል? ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ራሳቸው ዩኒኮድ የሚል ስም ያላቸው ፎንቶች አሏቸው፤ የቸገረው ፕሮግራሙ ሳይሆን የለመደ ጣት ነው። ለአዲስ ጀማሪ ግን የእኛ ምርጫ ኪማን ነው። ያለ ክፍያ ይገኛል፣ ከተጫነ በኋላ ኔትወርክ አይፈልግም፣ እንደ ድምፁ ስንጽፍለት «ሰላም»ን በአምስት ጭነት ያወጣዋል።

ለጋሞ ዞን ልጆች ደግሞ የተለየ ነገር አለን። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ2010 በ6.0 እትሙ ለጋሞ-ጎፋ-ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ ቋንቋዎች ድምፆች የሚሆኑ 32 ተጨማሪ የግዕዝ ፊደላትን መዝግቧል። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን? ሁሉም ፎንት አይዛቸውም፤ አቢሲኒካ የሚባለው ነፃ ፎንት ግን ይዟቸዋል። እርግጥ ነው፣ በትምህርት ቤት ጋሞኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ እዚያም ሌላ ጣጣ ይጠብቀናል። በጉሮሮ የሚቋረጠውን ድምፅ በ7 ቁጥር እንጽፋለን፣ የሚጠብቀውን ድምፅ እንደጋግማለን፤ ዎርድ ግን እንግሊዝኛ መስሎት ገጹን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀይ ያሰምርበታል። አንዳንዴም ሳይጠየቅ ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ ይለውጠዋል። የእናታችንን ቋንቋ ስህተት ነው ይለናል ማለት ነው! ይኼ እንኳ በሳቅ ይታለፍ። ነገር ግን ቀዩ መስመር እንዲጠፋለት ብሎ 7ቷን አውጥቶ የጻፈ ሠልጣኝ አይተናል፤ ያንን ወረቀት የሚያነበው የ1ኛ ክፍል ሕፃን የቋንቋውን አጻጻፍ ከእኛ እንጂ ከሌላ ከየት ይማራል? መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጽሑፉን በሙሉ መርጦ «የፊደል ግድፈት አትመርምር» የሚለውን ማዘዝ፣ በራሱ የሚያርመውንም ማጥፋት።

ሁለተኛው ጠላታችን በየፍላሹ የሚዞረው «ክራክ» ነው፤ የሚከፈልበትን ፕሮግራም በነፃ ይከፍታል ተብሎ። በመጀመሪያ ጸረ ቫይረሱን አጥፋ ይላል። ዘበኛውን አስወጥተህ በር ክፈትልኝ እንደማለት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይኼ ነው። ፋይሎቹ በሙሉ ወደ አቋራጭነት ተለውጠው የተግባር ምርምር ጽሑፉን ከማስረከቢያው በፊት ያጣ ሰው በየዓመቱ አይጠፋም። ነፃ የሆነው ሊብሬኦፊስ እያለ ይህን መሸከም ለምን?

ከምንወዳቸው ሌሎቹን በአጭሩ እንጥቀስ። ኪዊክስ ውክፔዲያን ያለ ኔትወርክ ያስነብባል፤ የአማርኛው ትንሽ ፍላሽ ላይ ይገባል፣ የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ግን ከ90 ጊጋባይት በላይ ነውና የተመረጠውን ክፍል ብቻ መያዝ ይሻላል። ለሒሳብ ጂኦጀብራ አለ። ለሳይንስ ደግሞ በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያዘጋጃቸው ፌት የተባሉ ሠርቶ ማሳያዎች አሉ፤ አንድ በአንድ አውርዶ መያዝ ይቻላል። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ላይ ግን ከአንዳንድ ጓደኞቻችን ጋር አንስማማም። የራዲዮ ድንጋይ፣ ሽቦና የባትሪ አምፖል በእጅ እያለ 60 ልጅ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ማጎር አስተማሪነት አይደለም። አምፖሉን ራሱ ያበራ ልጅ አይረሳውም፤ በሩቅ ስክሪን ላይ የበራው ግን ከኋላ ለተቀመጠው ምኑም አይደለም።

በመጨረሻም መምህሮቻችንን በአክብሮት የምንጠይቀው ጉዳይ አለ። ከሚሰጡን ሞጁሎችና የመልመጃ ጥያቄዎች ጥቂት የማይባሉት ዛሬም በአሮጌዎቹ ፎንቶች የተጻፉ ናቸው። ዓመታት የተለፋባቸው፣ ከእኛ በኋላ ለሚመጡትም የሚጠቅሙ ጽሑፎች ናቸውና ይቆጨናል። ዊንዶስ 10 የድጋፍ ጊዜው ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ አብቅቷል፤ ስለሆነም ብዙ ኮምፒዩተር እየተጠረገ እንደ አዲስ ይጫናል። በዚያ ጥርጊያ መሐል ፎንቱ ቢጠፋ ጽሑፉም አብሮ ጠፋ ማለት ነው። ፎንቱ በእጅ ሳለ ወደ ዩኒኮድ ቢገለበጥ ይተርፋል። የሚገለብጥ እጅ ካስፈለገ እኛ ስምንቱ አለን፤ መምህሮቻችን ፋይሉን ከነፎንቱ ይስጡን እንጂ በቅዳሜ ከሰዓታችን እንሠራዋለን። ለተግባር ልምምድ የምናስረክበውም ሥራ ከእንግዲህ በዩኒኮድ ብቻ እንዲሆን ቢታዘዝ ቅር አንሰኝም፤ ትዕዛዙ ለሁላችንም እኩል ይሁን እንጂ።

ኪማንን፣ አቢሲኒካንና ሊብሬኦፊስን የሚፈልግ ሠልጣኝ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከክፍል መልስ ኮምፒዩተር ክፍሉ ደጃፍ ያገኘናል። መብራት ከሌለ ዓርብ በዚያው ሰዓት። ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፤ ባዶ ይሁን፣ አለበለዚያ ከመክፈታችን በፊት እናጸዳዋለን፤ ውስጡ ያለው ፊልም ቢጠፋ ኋላ እንዳትወቅሱን።