የሟች ብዕር ወራሽ

«ደራሲ ሲሞት ድርሰቱም አብሮት ይቀበር» የሚሉ ሰዎች አሉ። ባልተፈጸመ መጽሐፍ ላይ የሌላ ሰው እጅ መግባቱን እንደ መቃብር ዘረፋ ይቈጥሩታል። አሳባቸው ከአክብሮት የመነጨ ስለ ሆነ አንንቀውም፤ ስሕተት መሆኑን ግን ለማስረዳት እንወዳለን።

በመጀመሪያ፣ ይህ አሳብ የአገራችንን የጽሑፍ ታሪክ ይዘነጋል። የዐፄ ሱስንዮስን ዜና መዋዕል የጀመሩት አባ ምህርካ ድንግል ሲሆኑ የቀጠሉት አዛዥ ጢኖ ናቸው። በጎንደርም ዘመን የታላቁን የዐፄ ኢያሱን ታሪክ ሐዋርያ ክርስቶስ ሲጽፉ ቆይተው በሞቱ ጊዜ፣ ዘወልድ ብዕሩን ተቀብለው ቀጠሉ። ጸሓፊው ሲሞት ብራናው ይታጠፍ ተብሎ ቢሆን ኖሮ፣ የዚያን ዘመን ነገር ዛሬ በግማሹ ብቻ ባወቅነው ነበር።

«ዜና መዋዕል የሆነውን መመዝገብ ነው፤ ልብ ወለድ ግን የአንድ ሰው ሕልም ነው» እንደምንባል እናውቃለን። መልሱ ክብደት አለው። ሆኖም አሜሪካዊው ሮበርት ጆርዳን «የዘመን መንኰራኵር» የተባለውን ረጅም የምናብ ድርሰት ሳይፈጽም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ የሆነውን እንመልከት። ለፍጻሜው የሚረዳ ማስታወሻ አስቀድሞ ትቶ ነበር። አርታዒው የነበረችው ባለቤቱ ብራንደን ሳንደርሰን የተባለውን ወጣት ደራሲ መረጠች፤ እርሱም ከ2009 እስከ 2013 በወጡ 3 መጻሕፍት ታሪኩን በ14ኛው ቅጽ ደመደመ። በሽፋኑም ላይ የሁለቱም ስም ታተመ። እንግዲህ ባለሕልሙ ራሱ ሕልሙ እንዲፈጸም ከፈለገ፣ የምንከለክለው እኛ ማን ነን?

የማንቀበለው የተፈጸመውን መቀጠል ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የት እንደሚቆም በስሙ ተናግሯል። ለእርሱ «ሁለተኛ ክፍል» የሚጽፍ ቢነሣ፣ መቃብር ዘራፊ የሚባለው እርሱ ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሕግ ግን ፈቃድን እንጂ ትሕትናን ሊያዝ አይችልም።

ትሕትናን ከፋሲል ግቢ እንማር። ዐፄ ኢያሱ፣ ዐፄ ዳዊት፣ ዐፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ በዚያው ቅጥር ውስጥ የየራሳቸውን አነጹ፤ የፋሲልን ግንብ ግን በስማቸው አላስጠሩም። ዛሬም አስጎብኚው እያንዳንዱን በአሠሪው ስም እየጠራ ያሳያል። ብዕር ወራሽም እንዲሁ የሟቹ ቃል የሚያልቅበትንና የራሱ የሚጀምርበትን በግልጽ ያመልክት።

ስለዚህ በጎንደርም ሆነ በዳባት፣ በደባርቅም ሆነ በሌላው አገር፣ የአባታችሁን ያልተፈጸመ ድርሰት በሣጥን ቈልፋችሁ የያዛችሁ ሁሉ አስቡበት። ምስጥ ከሚወርሰው ሰው ይውረሰው።