ብር ሲረክስ ማን ይሸጣል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ማለዳ ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ መልቀቁን ሲያስታውቅ፣ ከቀረቡልን ምክንያቶች አንዱ ለዘመናት ስንሰማው የኖርነው ነበር፤ ብር ሲረክስ ሸቀጣችን በውጭ ገበያ ተፈላጊ ይሆናል፣ የውጭ ባለሀብትም ይጎርፋል የሚል። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ከ74 ብር አለፈ፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ፤ በዓመቱም ከ130 ብር በላይ ሆነ።

ይህ ጸሐፊ ውሳኔውን በጭፍን ከሚያወግዙት ወገን አይደለም። በጥቁር ገበያ በዕጥፍ የሚመነዘር ዶላር በባንክ በ57 ብር የሚደርሰው ለማን እንደነበር የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ የለም። ያ ተመን ለተራው ሰው ድጎማ ሳይሆን ለባለ ወረፋና ለባለ ዘመድ የተቆረጠለት ድርጎ ነበር። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ብር ስለረከሰ በእርግጥ የበለጠ አምርተን ሸጥን ወይ?

ታሪኩን እናስታውስ። በመስከረም 1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ከፍ ተደረገ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ደግሞ ብር በ15 በመቶ እንዲቀንስ ተወሰነ፤ ያኔም የተባለው የወጪ ንግዱ ይነቃቃል ነበር። ነገር ግን ከ3 ቢሊዮን ዶላር በታች የነበረው ገቢ በዚያ ዓመት አልጨመረም፤ በቀጣዩ ዓመትም ወደ 2.7 ቢሊዮን ገደማ ወረደ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የቡና ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል፤ የምንዛሪ ተመን ሰምቶ አያፈራም። ቡናችንም በዓለም ገበያ የሚሸጠው በዶላር ዋጋ ስለሆነ፣ ብር ቢረክስ የውጭው ገዢ ቅናሽ አያገኝም። የሚለወጠው በላኪውና በገበሬው እጅ የሚገባው የብር መጠን ነው።

ባለሥልጣናቱ ይህን ሲሰሙ የ2017 በጀት ዓመትን ቁጥር ይጠቅሳሉ፤ የወጪ ንግዱ ገቢ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል፣ ከቀደመው ዓመት ከዕጥፍ በልጧል። ቁጥሩን አልክድም። ሆኖም ከሦስት እጁ ሁለቱን የሚበልጠው ወርቅና ቡና ነው፤ ወርቅ ብቻውን ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ወርቁ በአንድ ዓመት ከምድር አልፈለቀም። ቀድሞ በድንበር ሾልኮ ይወጣ የነበረው፣ ባንኩ የሚከፍለው ዋጋ ሲሻል ወደ ባንኩ መጣ። የዓለም ገበያ ዋጋውም በዚያው ወቅት አሻቀበ። የቡናም ነገር እንዲሁ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. የካቲት ገደማ የአረቢካ ቡና ዋጋ በታሪክ ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ ላይ ነበር። ለዚህ ብርን የምናመሰግንበት ምክንያት አይታየኝም።

በአንድ ነገር ግን ለተሐድሶው ሊመሰከርለት ይገባል። ቀደም ሲል አንዳንድ ላኪዎች ቡናን በኪሳራ ይሸጡ ነበር፤ ዶላሩን ለማግኘት ብቻ። ኪሳራውን የሚያወጡት ዕቃ አስገብተው እንዳሻቸው ዋጋ ሲቆርጡለት ነበር፤ ወጪውን የሚሸፍነውም ሸማቹ ነው። በ2016 ላኪው ከሚያገኘው ዶላር ግማሹን እንዲይዝ ሲፈቀድለትና ተመኑ ወደ እውነቱ ሲጠጋ፣ የዚህ ጠማማ ንግድ ምክንያት እየሳሳ ሄዷል። ይህ ግን የተዛባን ነገር ማቃናት እንጂ አዲስ ምርት ማምረት አይደለም።

የፋብሪካዎቻችን ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። ኬሚካሉን፣ መለዋወጫውንና አብዛኛውን ጥሬ ዕቃውን ከውጭ የሚያስገባ ፋብሪካ ብር ሲረክስ ወጪው አብሮ ይንራል። በርካሽ ጉልበት ብቻ ባለሀብት ይመጣል ለሚሉም ሐዋሳ መልስ አላት። እ.ኤ.አ. በ2019 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፤ በዓለም ከዝቅተኞቹ አንዱ። ይሁንና አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደምታግድ በ2021 መጨረሻ ስታስታውቅ፣ ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው ታላቅ የልብስ ኩባንያ በዚያው ሰሞን ፋብሪካውን ዘግቶ ወጣ። ጦርነቱና የገበያው መዘጋት ከደመወዙ ርካሽነት በለጡ።

የውጭ ባለሀብት በምንዛሪ በሁለት በኩል ይቆረጣል። ትርፉን ወደ ዶላር ቀይሮ ማውጣት ካልቻለ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ የቀድሞው ችግር ይህ ነበር። ዶላር አምጥቶ በብር የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ የብር መውደቅ ያተረፈውን ያሳንስበታል። ለኢትዮጵያ ፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር የተከፈለበት የሳፋሪኮም ቡድን በ2024 የግማሽ ዓመት ትርፉ ሲቀንስ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የብር መዳከም ነበር። ባለሀብት የሚፈራው ርካሽ ብርን ብቻ አይደለም፤ ነገ የት እንደሚያድር የማይታወቅ ብርን ነው።

እኛ ደግሞ ነዳጁን፣ መድኃኒቱን፣ ማዳበሪያውንና የምግብ ዘይቱን የምንገዛው በዶላር ነው፤ ሂሳቡም የሚወራረደው ከደመወዝተኛው ኪስ ነው። እንግዲህ ብሔራዊ ባንክና የንግድ ሚኒስቴር የወጪ ንግዱን ስኬት በሚያበስሩበት ጊዜ ወርቁን ለብቻ፣ ቡናውን ከነቶኑ፣ የፋብሪካ ምርቱንም ለይተው ያውጡልን። የከፈልነው ዋጋ በምን እንደተመለሰልን የምናየው ያኔ ነው።