ፍሬቻው ሲበላሽ በቤት ምን ማድረግ ይቻላል?

ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ለማድረስ፣ ወደ ሥራና ወደ ገበያ ለመመላለስ መኪና የሚያሽከረክሩ እናቶች በየመንገዱ ይታያሉ። ይሁንና አንዳንዶቹ በመኪናው ላይ አንዲት ትንሽ መብራት ስትጠፋ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ባለቤቴ ይየው» በማለት ጉዳዩን ለሌላ ሰው ይተዉታል። እስከዚያው ድረስ መኪናው ያለ ምልክት ይነዳል። የዛሬው ርእሳችን ፍሬቻ ተብሎ ስለሚጠራው የመታጠፊያ ምልክት መብራት ነው።

ፍሬቻ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ቀስት ማለት ነው። ተግባሩም አሽከርካሪዋ ወዴት ልትታጠፍ እንዳሰበች ከኋላ ለሚከተለው፣ ከፊት ለሚመጣውና መንገድ ለሚያቋርጠው እግረኛ አስቀድሞ መንገር ነው። ይህ መልእክት ሲቋረጥ የሚጎዳው በመኪናው ውስጥ ያለው ሰው ብቻ አይደለም። በጎን የሚያልፍ ሞተር ብስክሌተኛም ሆነ ከትምህርት ቤት ወጥቶ መንገድ የሚሻገር ሕፃን፣ መኪናው ቀጥታ ይሄዳል ብሎ ሲጠብቅ ድንገት ቢታጠፍበት ለማምለጥ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ የፍሬቻ ብልሽት «ነገ ይሠራል» ተብሎ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ደግነቱ፣ ፍሬቻ ሲበላሽ ችግሩ የት እንደሆነ ራሱ ይጠቁማል። ይህንን ለማየት ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞና ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ይከፈታል። ከዚያም የግራው ፍሬቻ፣ ቀጥሎ የቀኙ፣ በመጨረሻም ቀይ ሦስት ማዕዘን ባለበት ማብሪያ አራቱም በአንድነት ይበራሉ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው በመኪናው ዙሪያ እየተዘዋወረ የበራውንና ያልበራውን ይናገራል። ብቻዋን የሆነች ደግሞ ሲመሽ መኪናዋን ከግድግዳ አጠገብ ብታቆም ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ታየዋለች። የሚታየው ሁሉ እንደሚከተለው ይተረጎማል።

አንደኛ፣ ደህና ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ብልጭ ይላል። በአንድ ወገን ብቻ ከወትሮው እጅግ ቶሎ ቶሎ የሚል ከሆነ ብዙውን ጊዜ በዚያ ወገን ካሉት አምፑሎች አንዱ ተቃጥሏል ማለት ነው። በአንዳንድ አሮጌ መኪኖች ላይ ግን በተቃራኒው ፍሬቻው ይዘገያል ወይም ብልጭ ማለቱን ትቶ በርቶ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ አምፑሉ ደህና ሆኖ ሳለ የሚደበዝዝ፣ ወይም አንዴ በርቶ አንዴ የሚጠፋ ከሆነ አምፑሉ የሚገባበት ቤት ዝጓል፣ ወይም ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሠረው ሽቦ ላልቷል። ይህ በተለይ በክረምት ውሃ ወደ መብራቱ ሲገባ ያጋጥማል።

ሦስተኛ፣ አራቱም በአንድነት ሲበሩ በደንብ እየሠሩ ግራና ቀኙ ለየብቻ እምቢ ካሉ አምፑሎቹ ጤነኞች ናቸው። ችግሩ የሚፈለገው ከፊውዝ ወይም ከመሪው ሥር ካለው ማብሪያ ነው።

አራተኛ፣ በምንም መንገድ አንዱም የማይበራና የተለመደው «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ የማይሰማ ከሆነ በቅድሚያ ፊውዙ ይታያል። ፊውዙ ደህና ከሆነ ብልጭታውን የሚያመጣው ሪሌ መጠርጠር ይኖርበታል።

አምፑል መቀየር ከባድ ሥራ አይደለም። ቁልፉ ተዘግቶ አምፑሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። የመብራቱ ሽፋን በብሎን የታሠረ ከሆነ በካቻቪቴ ይፈታል፤ በሌሎች መኪኖች ላይ በኮፈኑ በኩል ወይም ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ በእጅ ይደረስበታል። በብዛት የሚገኘው ዓይነት አምፑል ገፋ ተደርጎ ወደ ግራ ሲዞር ይወጣል። ውስጡ ያለው ቀጭን ክር ከተበጠሰ ወይም ብርጭቆው ከጠቆረ ተቃጥሏል። አዲሱን ለመግዛት አሮጌውን ይዞ መሄድ ይመረጣል፤ በቤት መኪኖች ላይ የተለመደው 12 ቮልትና 21 ዋት ነው። የመብራቱ ሽፋን ነጭ ከሆነ አምፑሉ ራሱ ብርቱካናማ መሆን አለበት። በቀድሞው ፈንታ የኤል ኢ ዲ አምፑል የተገባ እንደሆነ የሚወስደው ኤሌክትሪክ አነስተኛ ስለሆነ፣ ምንም ሳይበላሽ ፍሬቻው ቶሎ ቶሎ ሊል ይችላል። የዛገውን ቤት በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ፈግፍጎ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ፊውዝ የሚተካው በላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር እኩል በሆነ ፊውዝ ብቻ ነው። ባለ 10 አምፔሩ ቀይ፣ ባለ 15ቱ ሰማያዊ ነው። በፊውዝ ፈንታ ሽቦ ወይም የሲጋራ ብር ወረቀት ማስገባት መኪናን ለቃጠሎ የሚዳርግ መጥፎ ልማድ ነው። አዲሱ ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ አንድ ቦታ ሽቦ ተነካክቷልና ሥራውን አቁሞ ለባለሙያ መተው ይገባል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የያዙ ቤተሰቦችም አሉ። በእነዚህ መኪኖች ላይ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ወፋፍራም ገመዶች ከፍተኛ ኃይል የሚያልፍባቸው ስለሆኑ ፈጽሞ መነካት የለባቸውም።

ፍሬቻው መንገድ ላይ ከጠፋ ፍጥነትን ቀንሶ፣ ወደ ግራ ለመታጠፍ ግራ እጅን በመስኮት ቀጥ አድርጎ በማውጣት ማሳየት ለጊዜው ይረዳል። ቤት ከተደረሰ በኋላ ግን ሳይጠገን መውጣት አይገባም።

ይህንን ሁሉ ማወቅ የባለሙያውን ሥራ ለመንጠቅ አይደለም። ሆኖም ጋራዥ ገብታ «ግራው ቶሎ ቶሎ ይላል፤ የኋላው አምፑል ተቃጥሏል» የምትል ሴት ላልተበላሸ ዕቃ ገንዘብ አትከፍልም። ስለሆነም እህቶች በሳምንት አንድ ቀን፣ ልጆቹ መኪና ውስጥ ከመግባታቸው በፊት፣ ፍሬቻዎቹን አብርተው መኪናውን አንድ ጊዜ ዞር ብለው ቢያዩ መልካም ነው። የሚወስደው ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም።