የገዛ ፈትሏን ያላወቀች እናት

የልብስ ማለስለሻ የሚሉትን ሽቱ ሽቱ የሚል ፈሳሽ ከቤቴ ካስወጣሁት ሰነበትኩ። ነገሩ በፎጣ ተጀመረ። ፎጣው ሲዳስሱት የጫጩት ላባ ይመስላል፤ ገላን ታጥበው ሲያደራርቁበት ግን ውኃውን ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል እንጂ አይመጠውም። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ማለስለሻ ቆሻሻ አያወጣም፤ ከእንስሳት ስብ ወይም ከፓልም ዘይት በተሠራ ውሕድ እያንዳንዱን ክር በስሱ ይለብጠዋል። እጃችን የሚዳስሰው ሽፋኑን እንጂ ጥጡን አይደለም።

በደረቅ የብርድ ወራት ከገላ እየተጣበቀ ለሚንጣጣ የፖሊስተር ልብስ ይጠቅማል፤ በዚህ አልከራከርም። በጥጥ ላይ፣ ይልቁንም በጋቢ ላይ ማፍሰሱ ግን ከቶ አይገባኝም። የጋቢ ማለስለሻው ዕድሜ ነው፤ በለበሱት፣ ባጠቡትና ፀሐይ በመታው ቁጥር ገላ ይለምዳል። አዲስ ጋቢ ቢሻክር ምን ነውር አለው? (እንግዳ ሰውም መጀመሪያ ይሻክራል።)

ይህን የምለው ከጥፋቴ ተምሬ ነው። እናቴ በእጇ የፈተለችውን ጋቢ አንድ ቀን ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከትቼ ማለስለሻ ጨመርኩበት። ልትጠይቀኝ የመጣች ዕለት እግሯ ላይ ጣል ባደርግላት፣ ጥቂት አሸተተችና «የማን ቤት ጋቢ ነው?» አለችኝ። የገዛ ፈትሏን አላወቀችውም። መልስ አጣሁ። ጥለቱን አሳየኋት፤ ጣቷን አስኬደችበትና ዝም አለች። በማግስቱ ሙቅ ውኃና የልብስ ሳሙና ጠየቀችኝ። ሽታው እስኪለቅ ሦስት ጊዜ አጠበችው።