ለሕንፃ መሠረት ሲቆፈር ለሰው ሕይወት ይታሰብ

ለሕንፃ መሠረት፣ ለፍሳሽ መስመርና ለመጸዳጃ በሚቆፈሩ ጉድጓዶች አፈር ተደርምሶ የቀን ሠራተኞች ሞቱ የሚል ዜና፣ በተለይ በክረምት ወራት ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። በለቅሶው ቤት «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል፤ ሌላው ጉድጓድም በዚያው አኳኋን መቆፈሩ ይቀጥላል። አደጋው በእርግጥ የማይቀር ነበርን?

ጌታችን የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎች ከሌሎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስተምሯል (ሉቃ. 13፥4)። ስለዚህ በናዳ በሞተው ሰው ላይ አንፈርድም። የአሠሪው ኃላፊነት ግን በዚህ አይቀርም። የኦሪት ሕግ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ከጣራው ሰው ወድቆ በደም እንዳይጠየቅ መከታ እንዲያበጅለት ያዝዛል (ዘዳ. 22፥8)። ጉድጓዱን ሳይከድን የተወ ሰውም በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት ይከፍላል (ዘፀ. 21፥33-34)። ለእንስሳ ይህን ያህል ከታሰበ፣ ለሰውማ ምን ያህል ይገባ ይሆን!

አንድ ሜትር ኩብ አፈር 1.5 ቶን ያህል ይመዝናል። ስለዚህ እስከ ደረቱ ብቻ የተቀበረ ሰው እንኳ ደረቱ ተጨምቆ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። በአዲስ አበባ ብዙ ሥፍራዎች የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ትናንት ቀጥ ብሎ የቆመው የጉድጓድ ግድግዳ ዛሬም ለመቆሙ ዋስትና የለውም። የተቆፈረው አፈር በአፋፉ ሲከመርና ከባድ መኪና ሲጠጋው ደግሞ አደጋው ይፈጥናል።

መከላከያው የታወቀ ነው። ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ሲደርስ ግድግዳውን በተዳፋት መቁረጥ ወይም በእንጨትና በብረት መደገፍ ያስፈልጋል። የወጣውን አፈር ከአፋፉ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ማራቅ፣ መውጫ መሰላል ማቆም፣ በየማለዳውና ከዝናብ በኋላ ጉድጓዱን በባለሙያ ማስመርመርም ይገባል። ናዳ ቢደርስ እንኳ ያለ ጥንቃቄ ዘሎ መግባት አዳኙንም ያስቀብራል፤ ሁለተኛ ናዳ ሊከተል ይችላልና። የሀገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ለግንባታ የቆመው የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ ከ30 በላይ ምእመናን አርፈዋል። ያ ከላይ የወደቀ ነው፤ ከታች የሚደረመሰውም የሚወስደው ያንኑ ክቡር ሕይወት ነው። በአጥቢያዎቻችን ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴዎች ገንዘብ የሚያሰባስቡት ለሲሚንቶና ለብረት ነው። ለጉድጓድ ድጋፍና ለባለሙያ ክትትል የሚሆነው ወጪ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ትርፍ ይታያል። ምእመናንም በበረከት ሥራ ሲሳተፉ ማንም ሳያስጠነቅቃቸው ወደ ጉድጓድ ይወርዳሉ። ሥራው የተቀደሰ መሆኑ አፈሩን አያጸናውም።

ስለዚህ ኮሚቴዎች የደኅንነትን ወጪ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ያስገቡ፤ ካህናት አባቶችም ባልተደገፈ ጉድጓድ ሰው እንዳይወርድ በሥልጣናቸው ይከልክሉ። ቤት የምናሠራ ምእመናንም ከዋጋው አስቀድመን ስለ ድጋፉ እንጠይቅ። ሰው ራሱ የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ ነውና (1ኛ ቆሮ. 3፥16)፣ የድንጋዩን ሕንፃ ስንሠራ ሕያውን አናፍርስ።

በልዩ ልዩ አደጋ ያረፉትን ነፍሳቸውን ይማርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር